ምራቅ የለካሁባቸው ዓመታት

ሥራ ከለቀቅሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ የማገኘው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን ያንኑ ነው። «አንቺ፣ እውነት ነው መንግሥት ደሞዝ እየከፈለ የሰው ምራቅ ያስለካሽ ነበር የሚሉት?» አዎ፣ እውነት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ። ሳቁና ይውጣላችሁ።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ እንደማያምር አውቃለሁ። ትዝታ የሚጽፈው ጡረተኛ ነው፤ መነጽሩን ጠርጎ፣ አለቆቹን በየተራ አመስግኖ፣ «ወጣቱ ይማርበት» ብሎ ይዘጋል። እኔ የማመሰግነው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ብዙ አላስቸግራችሁም። አሁን የጭነት መኪናዎች ማኅበር ውስጥ የመውጫ ወረቀት እተይባለሁ። እዚህ ፊደል ብሳሳት ወረቀቱን አውጥቼ ሌላ አስገባለሁ። የበፊቱ ሥራዬ እንደዚህ አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴ ሲመጣ የትም የማያስገባ ነበር። አንድ ዓመት ቤት ቁጭ አልኩ። ቁጭ ማለት ለእኔ በሽታ ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ከበር መስኮት እያለች ሲሚንቶውን ልትጨርሰው ነው» ብላ ቀበሌ ሄዳ አመለከተችልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል አስገቡኝ። እዚያ አለቃዬ ማኅተሙን ቦርሳዋ ውስጥ ቆልፋ ለምሳ የምትሄድ ሴትዮ ነበረች። በሽተኛው እያቃሰተ ማኅተም ይጠብቃል። ስለደሞዜ የምለው የለኝም፤ የመዋጮው ዓይነት በዝቶ እኔ ጋ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። በዓመቱ የጥርስ ክፍሉ ረዳት ልጅ ለውትድርና ተወሰደና «አንቺ ደፋር ነሽ፣ ደም አትፈሪም» ብለው ወደዚያ ላኩኝ። ደም መች ጠፋ፤ የከበደኝ ምራቁ ነው።

የጥርስ ክፍሉ ኃላፊ አው ኢብራሂም ነበሩ። ሐረሪዎች «አው» የሚሉት ትልቅ ሰው ሲያከብሩ ነው። ድሮ ከፈረንሳዮች ጋር ሆነው ድሬሰርነት የተማሩ፣ ፈረንሳይኛ እንደ አማርኛ የሚቀናቸው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጥቁር ጃንጥላ የሚይዙ ሰው። ጃንጥላው ለፀሐይ ነው፤ እኛ አገር ዝናቡን የሚፈራ ማን አለ!

የመጀመሪያ ቀን በሽተኛ ሲያስተናግዱ ሳይ ልፈነዳ ደረስኩ። አንድ መልካ ጀብዱ የሚኖር ገበሬ ጉንጩ አብጦ ገባ። አፉን ክፈት አላሉትም። እጁን ጨበጡትና አልለቅ አሉ። መዳፉን እንደያዙ ስለ በቆሎው፣ ስለ ግመሉ፣ ልጁን ስላገባው ሰውዬ ጠየቁት። ብዕራቸውን ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘግተዋል። ሰልፉ ግቢውን ሞልቷል። ካርዱ ላይ የጻፉት ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው፤ በሩን ዘግተው፣ የሰሙትን አንድም ሳያጎድሉ።

«ለምን እያወራ አይጻፍም?» አልኳቸው፤ መቼም አፌ አያርፍም።

«ሰው ለብዕር የሚነግረውና ለሰው የሚነግረው አንድ አይደለም፣ ልጄ።»

«እጅ መያዙስ?»

«ድሬዳዋ ላይ በስድስት ሰዓት የማያልበው እጅ ካጋጠመሽ ጥሪኝ።» ይኸው ነው መልሱ።

አው ኢብራሂም «ጥርስ የሚነቅል ሞልቷል፤ ለምን እንደወደቀ የሚጠይቅ ነው የጠፋው» ይሉ ነበር። አፉ የደረቀ ሰው ጥርሱ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ስለዚህ አፌ ደረቀ ያለ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል፤ አይውጥም፣ አይናገርም፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምራቁን መስመር ባለው ብልቃጥ ያንጠባጥባል። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚያ ግማሽ ሎሚ ምላሱ ላይ አደርጋለሁ፤ እንደገና አምስት ደቂቃ፣ እንደገና ልክ። የመጀመሪያው ልክ የምራቅ ዕጢው ሳይነካ የሚያፈሰውን፣ ሁለተኛው ሲታዘዝ የሚያፈሰውን ያሳያል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ያለ ቀልድ አይታለፍም።

«አቦ! ምራቄን ከወሰዳችሁ ዛሬ በምን ልቅም?» ይላል አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር።

«ዝም በል፣ ሰዓት እየያዝኩ ነው።»

«መንግሥት ይሄንንም ሊወርሰው ነው ማለት ነው?»

ሰልፉ ይስቃል፤ እኔም ሳልፈልግ እስቃለሁ፤ ሾፌሩ ሲስቅ ይውጠዋል፤ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ከተማችን ውስጥ ደረቅ አፍ ከተባለ ጫት ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ እውነትም ጫት ነው። የጫት አፍ ግን ለሎሚ ይታዘዛል፤ ሎሚው ሲነካው ከምላስ ሥር ምንጭ እንደፈነዳ ይመጣል። ይህን በዓይኔ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ የነበረ አንድ ኩባዊ ሐኪም አገሩ ሲገባ በእጁ የጻፈው ደብተር ትቶላቸው ነበር፤ ስፓኒሽ ነው፤ እሳቸው በፈረንሳይኛቸው እየገመቱ ያነቡታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በሽተኛውን ሁሉ ሲበትነው ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጠው በእርሳስ ሣሉልኝ።

«ይቺ አንዲት የዕጢ ሕዋስ ናት። ባቡር ጣቢያ ናት በያት። ፊት ለፊት የጣቢያ ሹም ተቀምጧል፤ ከኋላ መጋዘን አለ፤ ከመጋዘኑ ወዲያ የጓሮ በር። ሎሚ ቀመስሽ። አንጎል በነርቭ ቴሌግራም ላከ። ቴሌግራሙ ጣቢያው ውስጥ አይገባም፤ ሹሙ እጅ ላይ ይቀራል። ሹሙ ምን ያደርጋል?»

«ስብሰባ ይጠራል።»

«ተዪ እንጂ! አንድ ተላላኪ ወደ መጋዘኑ ይልካል። መጋዘኑ ይከፈታል። ውስጡ ያለው ዕቃ ካልሲየም ነው። ካልሲየሙ ግቢውን ያጥለቀልቀዋል፤ እሱ ሲነካው የጓሮው በር ይከፈታል። በጓሮው በር ጨው ይወጣል። ጨው የሄደበት ውኃ ይከተላል። ያ ነው ምራቅ።»

«ከዚያስ? ካልሲየሙ ግቢ ውስጥ ቀረ?»

«ኩሊዎች አሉ። ወዲያው ለቅመው ወደ መጋዘኑ ይመልሱታል። ሎሚው ገና ምላስሽ ላይ ካለ ደግሞ ይከፈታል፤ ይለቀማል፤ ይከፈታል። በማዕበል በማዕበል ነው የሚሠራው። ተከፍቶ ቢቀር ሕዋሷ ትሞታለች።»

ካላንደሩን ጠቅልዬ ወሰድኩት። ስምንት ዓመት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ገብቶኝም አላረፍኩ፤ ለሰው ሁሉ ማውራት ጀመርኩ። በሳምንቱ አንዲት ሴት ከማንቆርቆሪያዋ የፋቀችውን ነጭ ኖራ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች፤ የውኃችን ነገር ታውቃላችሁ፣ አንድ ወር ካፈላሽበት ግድግዳ ይሠራል። «ያልሽው ካልሲየም ይኸው፤ ለባሌ ከመቃሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምሰጠው?» አለችኝ። አው ኢብራሂም ከሳቁ በኋላ ጋዜጣውን ተቀብለው ጣሉት። «እናቴ፣ የባልሽ መጋዘን ሙሉ ነው። የሰው መጋዘን አይጎድልም። የሚጎድለው የሚያስከፍተው ነው» አሏት። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም እንዳልል ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አስተዳዳሪ መጣብን፤ ጓድ ታምራት ይባላል። ከካድሬ ትምህርት ቤት ያመጣው አንድ ቃል ነው፦ ኮታ። በቀን ይህን ያህል በሽተኛ። «የተመለሰ በሽተኛ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ በሽተኛ አይመለስም» ይል ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አው ኢብራሂም «እሺ» ይሉትና በሽተኛቸውን ስለ ግመሉ መጠየቃቸውን ይቀጥላሉ። ንዴቱ የሚወርደው እኔ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሽ ልቤ ከጓድ ታምራት ጋር ነበር። እኔም መሮጥ እወዳለሁ፤ ከግመሉ ወሬ ጫፍ ቁጭ ማለት ያሳብደኛል።

ግንቦት ላይ አው ኢብራሂም ለሐዘን ሐረር ሄዱ፤ ሦስት ቀን። እኔ እየመዘገብኩ፣ ምራቅ እየለካሁ፣ ለመንቀል ቀጠሮ እየሰጠሁ እንድቆይ ተባልኩ። ብዕሬ በእጄ፣ ካርዱ በጉልበቴ፣ ሰልፉ ወደፊት። በሁለት ቀን የሳምንቱን ኮታ ጨረስኩ። ጓድ ታምራት በኮሪደሩ ሲያልፍ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

በሁለተኛው ቀን ኢዶ ሀሊሞ ገባች። መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ «ኢዶ» አክስት ማለት ነው፤ ግማሹ መጋላ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ስትናገር ምላሷ ከላንቃዋ ሲላቀቅ ይሰማል።

«ዕድሜ?»

«የእናትሽ ታላቅ ብለሽ ጻፊ።»

«አፍሽ የደረቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረመዳን። መጀመሪያ ጾሙ ነው አልኩ። ጾሙ ሄደ፣ ድርቀቱ ቀረ። ዳቦ በውኃ ካልሆነ አይወርድልኝም።»

«ጫት ትቅሚያለሽ?»

«አልቅምም።»

«ትንሽም?»

«ናያ! አንቺ ሴት፣ አልቅምም አልኩሽ። ባሌ ሁለት ሱቅ ቅሞ ነው የሞተው።»

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

ብዕሬ ካርዱ ላይ ተደግኗል። ዓይኗ ብዕሩ ላይ አረፈ። «የለም» አለች።

ብልቃጡን ሰጠኋት። አምስት ደቂቃ፤ የብልቃጡ ቂጥ እንኳ አልረጠበም። ሎሚ አደረግሁላት፤ ፊቷን አጨማደደች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ጠብታ የለም። ዜሮ ጻፍኩ። በእኔ እጅ፣ በእኔ ብዕር ዜሮ ጻፍኩ፤ አንድ ደቂቃም አላሰብኩበት። ከሥሩ «ምክንያት፦ ጫት። ምክር ተሰጥቷል» ብዬ ጨመርኩ። ስትወጣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ «ኢዶ፣ ጫቱን ካልተውሽ ምራቅ የለም!» አልኳት። ወንዶቹ ሳቁ። ሻርፗን፣ ጋርባሳሯን፣ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች። መዋሸቷ አናዶኝ ነበር።

አው ኢብራሂም ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው የሦስቱን ቀን ካርድ አንድ በአንድ አነበቡ። የእሷ ላይ ቆሙ።

«በሎሚም ዜሮ?»

«ዜሮ።»

«የጫት አፍ በሎሚ ዜሮ ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ካርዱን ከእጃቸው ተቀብዬ እንደገና አነበብኩት።

«እጇስ?»

ሌሎቹን ካርዶች መደርደር ጀመርኩ።

«እጇን ነው የጠየቅሁሽ፣ አስቴር።»

«አልጨበጥኳትም። ሰልፉ እስከ በር ነበር።»

ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ መጋላ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር ከታች ያለው አሸዋ ዓይን ያጠፋል። ሽማግሌው ይራመዳሉ፤ እኔ እሮጣለሁ፤ አልደርስባቸውም።

ሱቋ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ኢዶ ሀሊሞ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ልጇ ሆዳን ራሷን ጭኗ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ኢዶ ታወራለች፣ ግን ለእኛ አይደለም፤ ከሞተ ባሏ ጋር ትጨቃጨቃለች። እጇን ያዝኩት። እንደ ጋለ ቆርቆሮ ነው፤ እንደ ወረቀትም ደረቅ። በዚያ ሙቀት የሁላችንም ልብስ ጀርባችን ላይ ተጣብቋል፤ እሷ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም።

«ውኃ! ጨርቅ!» አሉ አው ኢብራሂም። የምትሸጠውን ጣቃ ተርትረን በባልዲ ነክረን አለበስናት። ሴቶቹ በካርቶን ያራግባሉ። ለስላሳ ሻጩ በረዶውን ከነሳጥኑ አመጣ፤ ብብቷ ሥር አደረግነው። እሳቸው ሆዳን አጠገብ ቁጢጥ ብለው በሶማሊኛ፣ ዝግ ብለው ጠየቋት። ይህን ያህል ሶማሊኛ እሰማለሁ፦ «እናትሽ ምን ትውጣለች?»

ሆዳን እሳቸውን አላየችም። ያየችው እኔን ነው፤ ደረቴን። ጋውኔ ኪስ ላይ ብዕሩ ተሰክቷል። ለእሷ ብዕር የያዘ የመንግሥት ሰው ፊናንስ ነው፤ ፊናንስ ደግሞ ከጅቡቲ የገባ ነገር ሲያገኝ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ያስራል። አው ኢብራሂም ዞረው አዩኝ። እጃቸውን ሰድደው ብዕሬን ከኪሴ አወጡና ደጅ፣ አሸዋው ላይ ወረወሩት።

ሆዳን ተነሥታ ከጣቃው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ቢጫ ክኒን። «ሆዷን ይቆርጣታል። አንድ ሲባል ጀመረች፤ አሁን በቀን ስድስት ትውጣለች። ብትነግሪያቸው ያስሩናል ብዬ እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት።»

በጋሪ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት አው ኢብራሂም መንገድ ላይ በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሱልኝ። ክኒኑ የሆድ ቁርጠቱን የሚያቆመው የሹሙን ወንበር ነጥቆ እየተቀመጠ ነው፤ ቴሌግራሙ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አያነብም፣ መጋዘኑ ሙሉ እንደሆነ ተዘግቶ ይቀራል። የላብ ዕጢም ሹሙ ያው ነው፤ በእኛ ፀሐይ ላብ የሌለው ሰው ደግሞ ከውስጥ ይበስላል።

ስለዚህ እኔ በሎሚ ዜሮ ስጽፍ መልሱ ካርዱ ላይ ነበር። የጠፋው አንድ እጅ መጨበጥ ነው። በቀን ያን ያህል በሽተኛ ቆጠርኩ፤ እሷንም ቆጠርኳት።

ኢዶ ሁለት ቀን ራሷን አላወቀችም። በሦስተኛው ሆዳንን አወቀቻት። ክኒኑ ቀረ፤ በሳምንቱ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ብልቃጥ ይዤ ለካኋት፤ በሎሚ ሲወርድ ሳይ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው ሴት እስክትደነግጥ ጮኽኩ። እግሯ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም፤ እስከ ዛሬ ያለ ምርኩዝ አትሄድም። ይህ የእኔ ነው፤ ሌላ የምወረውርበት ሰው የለም።

ጓድ ታምራት ጠራኝ። ያሳሰበው እግሯ መሰላችሁ? «ክኒኑ ከየት እንደተገዛ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን» አለ።

«ካርዱ ላይ የሚጻፍ ካለ የእኔ ስህተት ነው። ጫት ብዬ ጽፌአለሁ፤ አትቅምም።»

«የመንግሥት ካርድ ላይ የሠራተኛ ስህተት አይሰፍርም፣ ጓዲት።»

«ታዲያ የእሷ ኃጢአት እንዴት ሰፈረ?»

«ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። ከየት እንደተገዛም አልጻፍኩም።

ኢዶ ከሆስፒታል ወጥታ ሱቋ መቀመጥ ስትጀምር ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ስኳር ይዤ ነበር፤ ሰልፍ ተሰልፌ የገዛሁት። በሩ ላይ ቆሜ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ልትሞቺ ነበር፣ በእኔ ጥፋት ነው፣ አልኩ። ጨርቅ እየለካች አስጨረሰችኝ።

«መሞት የአላህ ነው» አለች። «እሱን ለእሱ ተዪለት። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ባሌ ሁለት ሱቅ በላ፤ ልጆቼን ከጫት ለይቼ አሳደግሁ። አንቺ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃሚ አልሽኝ። ያን ቀን የሳቀው ሰው ነገ ከእኔ ጨርቅ ሊገዛ ይመጣል። ወረቀትሽ ላይም ጽፈሻል አሉ። ወረቀቱን አስተካክዪ፤ ያኔ ስኳርሽን እቀበላለሁ።»

በማግስቱ ገና ማንም ሳይገባ ካርድ ክፍል ገባሁ። ካርዷን አወጣሁ። የጻፍኩትን አንድ መስመር ሰረዝኩበትና ከሥሩ ጻፍኩ፤ ስሜን ሙሉውን ከነአባቴ አድርጌ ፈረምኩ። ካርድ ከግቢ አይወጣም፤ ሕግ ነው፤ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሳስተምረው የኖርኩት ሕግ። ብብቴ ሥር አድርጌ አወጣሁት። ለዚህ ነው ሥራ የለቀቅሁት ወይም የተባረርኩት፤ ደብዳቤው «በገዛ ፈቃዷ» ይላል፤ ጓድ ታምራት የጻፈው ነው። አው ኢብራሂም ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ላብ በላብ ነበር።

የዚያኑ ቀን በምሳ ሰዓት ካርዱን ይዤ መጋላ ስደርስ ገበያው ሞቅ ብሏል። ኢዶ አማርኛ ማንበብ አትችልም።

«አንብቢ» አለችኝ።

«‹ሀሊሞ ጫት አትቅምም። ቅማም አታውቅም። አፏ የደረቀው በመድኃኒት ነው። ሳልጠይቅ የጻፍኩት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።›»

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩ። ምርኩዟን ይዛ ብድግ አለች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ በሶማሊኛም በኦሮምኛም ተጣራች። ከግራና ቀኝ ሱቅ ሴቶቹ ወጡ፤ ጭነት የሚያወርዱት ወንዶችም ቆሙ። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ፊቴ ነደደ። ካርዱን አነሣሁና ጀመርኩ።

«ቆዪ» አለች ኢዶ። «ያን ቀን እንደዚህ ዝግ ብለሽ አልነበረም የተናገርሽው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»